የእንዝርቱ መልስ

ናጎያ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውዴ፣

እንደምን አለሽ? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ድምፄን ካጠፋሁ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልክሽ አልጠፋብኝም፣ አንቺንም አልረሳሁሽም። ይቅርታዬን እዚህ አላስረዝመውም፤ ስመጣ ፊትሽ ቆሜ እጨርሰዋለሁ። ደግሞ ታውቂኛለሽ። የከበደኝን ነገር በዝምታ ነው የምሸሸው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጎትተሽ የምታናግሪኝ አንቺ ነበርሽ።

ያልመለስኩልሽ አንድ ጥያቄ አለ። የእማዬ አርባ በወጣ በሳምንቱ የላክሽልኝ። «ቤቱ ሊለቀቅ ነው። እንዝርቷን፣ ደጋኗንና መዳመጫዋን ምን ላድርገው?» ብለሽ ነበር። ከሥሩ ፎቶ አለ። እንዝርቱ መስኮቱ ደፍ ላይ ተጋድሟል። ግማሽ ድረስ ፈትል ተጠምጥሞበታል። የፈትሉ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ያንን ጫፍ አየሁና ስልኩን ገለበጥኩት። ነገ እመልስላታለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ቀብሯ ላይ ያልደረስኩት እኔ። ድንኳን ያስተከልሽ፣ ለቀስተኛ የተቀበልሽ፣ ንፍሮ ያስቀቀልሽ አንቺ። ያንን ሁሉ አድርገሽልኝ አንዲት ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። ከዚያ አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ዝም አልኩ።

አሁን መልሱ መጥቶልኛል። ግን የመጣበትን መንገድ ካልነገርኩሽ አይገባሽም። ቡናሽን ቅጂና ተቀመጪ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትደናገሪ።

ባለፈው ወር ኢሴ ሄድኩ፣ የጃፓኖች ታላቅ መቅደስ ያለበት ከተማ። ከናጎያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚህ አገር አሥር ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም ነበር። የወሰዱን እኚያ ጎረቤቴ ናቸው፣ ልጄን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩዋት። ተወልደው ያደጉት ኢሴ ነው። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ደረጃ ሲወጡ ግን እኔን ይቀድሙኛል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ስንነሳ ልቤ ፈራ። የሌላ እምነት ቦታ ነው፣ ሺንቶ የሚሉት የጃፓኖች የጥንት እምነት። እትዬ ቢሰሙ ምን ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። እዚያ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ጎንበስ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ እንደገና አንድ ጊዜ ጎንበስ ይላል። ለጎረቤቴ «እኔ አላጨበጭብም፣ ክርስቲያን ነኝ» አልኳቸው። «በአክብሮት ከቆምሽ ይበቃል» አሉኝ። ቆምኩ። ይህንን ለእትዬ አንቺው በዘዴ ንገሪልኝ፤ ካልሆነም ተይው፣ እኔው ስመጣ እነግራቸዋለሁ።

ወደ ውስጠኛው መቅደስ የሚያስገባው ኡጂ የሚባል የእንጨት ድልድይ ነው። መቶ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከሥሩ የኢሱዙ ወንዝ ይፈሳል፤ ድንጋዩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ጥርት ያለ ውኃ። በድልድዩ በሁለቱም ጫፍ ቶሪ የሚሉት የእንጨት በር ቆሟል። ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ሌላ ምንም የለውም። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። እማዬ ትዝ አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆና እንኳ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ስታይ ከወሬዋ መሃል አቋርጣ ታማትብ አልነበር? ወሬውን ደግሞ ካቆመችበት ቃል ነበር የምትቀጥለው።

ልጄ ቶሪውን በመዳፏ ነካችውና «ይሄ አሮጌ ነው አዲስ?» አለች። ጎረቤቴ ሳቁ። «ሁለቱንም ነው» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሴ ውስጥ ሁለት ታላላቅ መቅደሶች አሉ። ከነትንንሾቹ ሲቆጠሩ 125 ይሆናሉ። በውስጠኛው የምትከበረው አማቴራሱ ናት፣ የፀሐይ አምላክ የሚሏት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከእሷ ይመዘዛል የሚባልላት። በውጭኛው ደግሞ ቶዮኡኬ፣ የምግብ አምላክ። ቶዮኡኬ እንዴት ወደ ኢሴ እንደመጣች የሚነገረውን ስሰማ አንቺን ነው ያሰብኩት። አማቴራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ በሕልም ተገልጣ «ብቻዬን ስበላ አይሆንልኝም፣ ቶዮኡኬን ከታንባ አምጡልኝ» አለች ይባላል። ያንቺን ቤት አስታወሰኝ። ምሳ ቀርቦ እኔ እስክመጣ እጅሽን የማትዘረጊውን።

እስከ ዛሬ በውጭኛው መቅደስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአማልክቱ ማዕድ ይቀርባል። ሩዝ፣ ውኃ፣ ጨው፣ ዓሣ፣ የባሕር ሣር፣ አትክልት፣ ከሩዝ የተጠመቀ ሳኬ። ክብሪት አይነካውም። እሳቱ የሚወጣው እንጨት በእንጨት ላይ በማሽከርከር ነው። ውኃው ከአንድ የተቀደሰ ጉድጓድ ይቀዳል። ጨውን ፉታሚ የሚባል የባሕር ዳር ላይ ራሳቸው ያወጡታል፣ ሩዙም ከራሳቸው ማሳ ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ማዕበል ቢነሳ አይቀርም። ወደ 1,500 ዓመት ገደማ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል።

ቤቱን ደግሞ በየሃያ ዓመቱ አዲስ አድርገው ይሠሩታል። ማደስ እንዳይመስልሽ። ከመቅደሱ ጎን ስፋቱ እኩል የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ጠጠር ተነጥፎበት፣ መሃሉ ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ ብቻ ቆማለች። በሃያኛው ዓመት እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ልክ እንደ አሮጌው፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ቅርጽ አዲስ ይሠራል። ከዚያ አሮጌው ይፈርስና የእሱ ቦታ በተራው ባዶ ይሆናል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጉት በ690 ነው፣ በንግሥተ ነገሥት ጂቶ ዘመን። የመጨረሻው በ2013 ሆነ፣ ሥልሳ ሁለተኛው። ቀጣዩ በ2033 ነው።

እኔ የድንጋይ ግንብ ነበር የጠበቅሁት። ዘመን ያስቆጠረ ነገር ሲባል ለእኛ ወይ ላሊበላ ነው ወይ አክሱም። ይሄኛው እንጨትና ሣር ነው። ሂኖኪ የሚባል የጥድ ዘመድ እንጨት፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ያለ ድንጋይ መሠረት በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከለ ምሰሶ። ክዳኑ ወፍራም ሣር። በአራት ድርብ አጥር ስለታጠረ ከጣሪያው በቀር ብዙም አይታይም። ሣሩ ከተከደነ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግን ጠቁሯል፣ ሽበት አብቅሏል። ከደረጃው በላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ስለዚህ በቃል ነው የማሳይሽ። በሩ ላይ ሰፊ ነጭ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ እዚያ ፊት ቆሞ ዝም ይላል። እኛ በቆምንበት ሰዓት ነፋስ ተነሳ። መጋረጃው ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ተመልሶ ወረደ። ልጄ እጄን ጨበጠችኝ።

ውስጥ ያለው ቅዱስ ነገር መስታወት ነው ይላሉ። ማንም አያየውም። ወደ አዲሱ ቤት ሲዛወር በሌሊት ነው፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ዙሪያውን በነጭ ሐር ተጋርዶ። ከመነሳቱ በፊት አንድ ካህን እንደ አውራ ዶሮ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ለእኛ ታቦት ተሸፍኖ ሲወጣ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም። የተሸፈነ ነገር ፊት መቆም እንዴት እንደሆነ እናውቀዋለን።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በዚህ ነው። በ1953 የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሥርዓቱ በ1949 መሆን ነበረበት፤ አገሩ በጦርነት ደቆ ስለነበር አራት ዓመት ዘገየ። የከተማው ሰው ግን በ1949 ድልድዩን ብቻ ሠራ። «እናቴ በድልድዩ ስታሻግረኝ የእንጨቱ ሽታ ነው የመጀመሪያ ትዝታዬ» አሉኝ። ከዚያ 1973፣ 1993፣ 2013። አዲሱ መቅደስ ሲያልቅ የከተማው ሰው ከሚያጋዋ ወንዝ የተለቀመ ነጭ ድንጋይ በነጭ መሐረብ ይዞ ይገባል፣ መቅደሱ ዙሪያ ያኖረዋል። ተራ ሰው ያን ያህል የሚቀርበው ያኔ ብቻ ነው። እሳቸው በ1953 ከእናታቸው ጋር ገብተዋል። በ2013 ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ጋር። ይህንን ሲነግሩኝ መዳፋቸውን ዘርግተው የድንጋዩን ልክ አሳዩኝ፣ የእንቁላል ያህል።

ለምን ሃያ ዓመት? አልኳቸው። ሣር ክዳኑም ምሰሶውም ከዚያ በላይ ብዙ አይችልም ይላሉ። ሌላም ምክንያት ይሰጣሉ። አናጢው በሃያ ዓመቱ ተላላኪ ሆኖ ያያል። በአርባ ዓመቱ ራሱ ይሠራል። በሥልሳ ዓመቱ ቆሞ ያሳያል። ሃምሳ ዓመት ቢያቆዩት ያየው ሰው ይሞታል።

ይህች ቃል ሆዴ ገባች።

ቤቱ ብቻ አይደለም የሚታደሰው። ውስጥ ያለው ልብስና ዕቃም ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ሰይፍ፣ ቀስት፣ የጨርቅ ሥራ፣ 714 ዓይነት፣ 1,576 ዕቃ። ድሮ የወረደውን አሮጌ ዕቃ ሰው እንዳይነካው ያቃጥሉት ወይም ይቀብሩት ነበር። ገባሽ? ያንን የመሰለ ጥበብ። ዕቃው ቀርቶ የሠሪው እጅ እንዲኖር ነው። በባቡሩ ስንሄድ ማትሱሳካ የሚባል ከተማ አልፈን ነበር። እዚያ አካባቢ ሁለት የሽመና መቅደሶች አሉ። በየዓመቱ ግንቦት እና ጥቅምት ላይ አንዱ ሐር፣ አንዱ የቃጫ ጨርቅ ተሸምኖባቸው ለአማቴራሱ ይቀርባል። ጎረቤቴ በመስኮቱ ጠቆሙኝና «እናትሽ ፈታይ ነበረች አላልሽኝም?» አሉ። ነበረች አልኩ። «ታዲያ አንቺስ?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? በስተቀኝ የነበረው ሩዝ ማሳ እስኪያልቅ ድረስ ዝም አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ የእማዬን ጋቢ አወጣሁት። የመጨረሻውን፣ ለልጄ ክርስትና የላከችውን። እንዳይቆሽሽ፣ እንዳያልቅ ብዬ ናፍታሌን ከትቼበት፣ ከላይ ፌስታል አልብሼ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጬው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልለበስኩትም። ስዘረጋው ብል በልቶታል። ጠርዙ ላይ ሦስት፣ መሃሉ ላይ የሃምሳ ሳንቲም የምታህል አንድ ቀዳዳ። መሃሉ ያለው ውስጥ ጣቴን ከትቼ ተቀመጥኩ። ለእማዬ ያላለቀስኩትን ያን ለታ አለቀስኩ። መርዶ ከመጣ ጀምሮ ውስጤ ታምቆ የነበረውን በሙሉ። ልጄ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ከዚያ ጋቢውን ከነቀዳዳው አለበስኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱን ሳትለብስ አትተኛም።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልሽ። እንዝርቱን እንዳታስቀምጪልኝ። ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ በጨርቅም አይጠቅለል። ለእትዬ ስጪያቸው። እማዬ የተወችውን ፈትል ሳያወልቁ ከዚያው ጫፍ ይቀጥሉት። እማዬና እትዬ እኮ አብረው ነበር የሚፈትሉት፤ የማናቸው ፈትል የቱ እንደሆነ ሸማኔው እንኳ አይለይም ነበር።

እኔና ልጄ ሐምሌ ላይ እንመጣለን፣ ትምህርት ሲዘጋ። ቲኬቱን ልቆርጥ ነው። እትዬ ያሳዩን። ለእኔም ለእሷም። አንቺም ቁጭ ትያለሽ፤ «ሥራ አለብኝ» አትበዪኝ። ባዘቶ ተነድፎ የተዘጋጀውን እንዳትገዢ፣ አደራ። ከነፍሬው ይሁን። ከመዳመጡ እንጀምራለን፣ ከዚያ በደጋን መንደፉ፣ ከዚያ አመልማሎው።

እንዝርቱ ግን አለ? ይህንን ለመጻፍ ነው ሁለት ቀን የፈጀብኝ። ሦስት ዓመት ነው። ቤት ስትቀይሩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለሌላ ሰው ሰጥተሽውም ከሆነ ልክ ነሽ፣ መልስ ያላገኘሽ አንቺ ነሽ። ዝም ብለሽ ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም። እንዝርት ይገዛል። ዋናው እትዬ መኖራቸው ነው።

ስለዚህ ደግሞ ጎረቤቴ የነገሩኝን ልጨምርልሽ። ይህ የየሃያ ዓመቱ ሥርዓት አንድ ጊዜ ተቋርጧል። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ጃፓን እርስ በርሷ ስትዋጋ ገንዘብም ሰላምም ጠፋ። ከ120 ዓመት በላይ አዲስ ቤት ሳይሠራ ቀረ። አስቢው፣ በሕይወት ካለ ሰው አንድም ያየ የለም። እንዲቀጥል ያደረጉት መነኮሳት ናቸው፣ ሴቶች። ሴይጁን የምትባለዋ አገር ላገር ዞራ ገንዘብ ለምና የውጭኛውን መቅደስ በ1563 አሠራች። በ1585 ሁለቱም ተሠሩ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ሲቀጥሉት «ከዚህ በኋላ ምን ዋጋ አለው» አላሉም። እኔ ሦስት ዓመት ቆይቶብኝ ነው እንዴት ብዬ ልጻፍላት ስል የከረምኩት።

ለአንቺ የሚሆን ሌላም አለ፣ የእቁብ ዳኛዬ። ድሮ ድሃው ገበሬ ኢሴን ለማየት አቅም አልነበረውም። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ገንዘብ ያዋጣል፣ ዕጣ ያወጣል፣ የወጣለት የሁሉንም አደራ ይዞ ይሄዳል። እንዳንቺው እቁብ! አቅም ያጡና የታመሙ ደግሞ ውሻቸውን ይልኩ ነበር፤ አንገቱ ላይ ሳንቲም ያለበት ከረጢት አስረው። መንገደኛው እያበላ፣ እያሳደረ፣ አድርሶ ይመልሰዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው በአንድ ዓመት ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። በ1830 ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ሄዷል ይባላል፣ አብዛኛው በእግሩ።

ስንመለስ ጎረቤቴ ኩዋና ጣቢያ ላይ እንደገና በመስኮት አሳዩኝ። እዚያ ከተማ ወንዝ ዳር አንድ ቶሪ አለ አሉኝ። የመቅደሱ ምሰሶ ሃያ ዓመት መቅደሱን ይሸከማል። ከዚያ ተጠርቦ የኡጂ ድልድይ በር ይሆናል፣ ሌላ ሃያ ዓመት። ከዚያ አንዱ ወደ ኩዋና ሌላው ወደ ሴኪ ይሄዳል፣ ሌላ ሃያ ዓመት የመንገደኛ በር ሆኖ ይቆማል። ልጄ የነካችው እንጨት ድሮ ምሰሶ ነበር። እሳቸው «ሁለቱንም ነው» ያሉት ለዚህ ነው።

የ2033ቱ ሥራ ተጀምሯል። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ኪሶ ተራሮች ላይ የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ ጎረቤቴ በስልካቸው አሳዩኝ። መጋዝ የለም፣ መጥረቢያ ብቻ። ግንዱን ከሦስት በኩል ይቦረቡሩታል፣ ሦስት ቀጭን ጅማት እስኪቀሩት። ከዚያ አንዱ «ዛፉ ሊተኛ ነው!» ብሎ ይጣራል። ወደቀ አይሉም፣ ተኛ ነው የሚሉት። ዛፉ ከተኛ በኋላ የጫፉን ቅርንጫፍ ቆርጠው ጉቶው ላይ ይተክሉታል። ለተራራው የሚመለስለት ነው። በ2026 እና በ2027 የከተማው ሰው ግንዱን በገመድ እየጎተተ ያስገባል። ጎረቤቴ ልጄን ይዘዋት ሊሄዱ ነው። እሷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እሳቸው በ1953 የነበሩበት ዕድሜ። በ2033 እሳቸው ሰማንያ ስምንት ይሞላሉ። «ያኔ ድንጋዩን አንቺ ትይዢልኛለሽ» ብለዋታል። እሺ ብላለች።

ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤቱ ኪራይ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ሐምሌ ላይ እናወራለን። ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል።

እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጄ ጋቢውን እንደለበሰች አጠገቤ ቆማ ምን እንደምጽፍ እየጠየቀችኝ ነው። አንድ ጥያቄ ጻፊልኝ ብላለች። እንዝርቱ የሚሽከረከረው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? እጄን አንስቼ ሞከርኩት፣ አላስታወስኩትም። እትዬን ጠይቂልኝ።

የአንቺው